ዒጥር ከገላ ላይ ሲደርቅ



ነገሩ የተጀመረው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በመድረሳው ክፍል የልጆቹን ደብተር እያረምኩ ሳለሁ፣ በሥራ ቀናት ኬሚስትሪ ከማስተምራቸው የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ እያለከለከ ገባ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ ከፊቴ አኖረና «ኡስታዝ፣ እስቲ ይህን ያሽትቱት» አለኝ። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት፤ ጥርት ያለ የጽጌረዳ መዓዛ ነው። «አሁን ደግሞ ይህን» ብሎ የእጁን አንጓ ዘረጋልኝ። እዚያ ያለው ሌላ ነው። ጽጌረዳው የለም፤ በምትኩ ለስለስ ያለ፣ እንጨት እንጨት የሚል ጠረን ቀርቷል።

ልጁ ብልቃጡን የገዛው ትናንት ከጁሙዓ ሶላት በኋላ፣ በመስጊዱ አጥር ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ዒጥር ከሚሸጡ አንድ አዛውንት ነው። ለታላቅ ወንድሙ ኒካሕ ስጦታ እንዲሆነው ብሎ ለወራት ያጠራቀማትን ገንዘብ ከፍሎበታል። «ጽጌረዳ ብለው ሌላ ዘይት ሸጡልኝ። ዛሬ ከዙህር በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ሄደን በሰው ፊት እናጋልጣቸዋለን» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እስከ ሰኞ ታገሠኝ፤ ሰኞ አብረን እንፈትነዋለን። መታለልህ ከተረጋገጠ እኔው ራሴ አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። ቅር እያለው እሺ አለ። እንዲታገሥ የጠየቅሁት ስለ ኬሚስትሪው ብቻ አልነበረም፤ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። እሱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

የሰኞው ሙከራ

ሰኞ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራው ተገናኘን። ከብልቃጡ አንድ ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ፣ አንድ ጠብታ በእሱ የእጅ አንጓ፣ አንድ ጠብታ ደግሞ በእኔ አንጓ ላይ አደረግን። ልጁ ሰዓቱን እየመዘገበ በየተወሰነ ጊዜ ሦስቱንም እናሸታለን።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሦስቱም አንድ ነበሩ፤ እንዲያውም ከጽጌረዳው ፊት ፊት የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን መንገዳቸው ተለያየ። በወረቀቱ ላይ ጽጌረዳው እንዳለ ነው። በእኔ እጅ ላይ ቀለል ብሎ ይሸታል። በልጁ እጅ ላይ ግን ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ከሥሩ እንጨቱ መታየት ጀምሯል። ዐሥር ሰግደን ስንመለስ በእኔም እጅ ላይ እንጨቱ በርትቷል። በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን ሳሸተው እሱም እዚያው ደርሷል።

«እንግዲህ አዛውንቱ ጽጌረዳውን ላዩን ቀብተው ከሆነ፣ ከታች ያለው ሲወጣ በሦስቱም ላይ ለምን በአንድ ሰዓት አልወጣም?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ዝም አለ። እናንተም አንባቢዎቼ ጥያቄውን ያዙልኝና ወደ ምክንያቱ እንሂድ።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ዒጥር አንድ ነገር አይደለም። በአንዲት ጠብታ ውስጥ በአሥሮች፣ አንዳንዴም በመቶዎች የሚቆጠሩ የተለያዩ ንጥረ ነገሮች አሉ። እኛ «ሽታ» የምንለው ከነዚህ ንጥረ ነገሮች ተንኖ አፍንጫችን የሚደርሰውን ነው። ያልተነነ ነገር አይሸትም። ታዲያ ሁሉም በእኩል ፍጥነት አይተኑም። ቀላሎቹ ይቀድማሉ፣ መካከለኞቹ ይከተላሉ፣ ከባዶቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ።

ለማነጻጸር ያህል፤ በሎሚና በብርቱካን ልጣጭ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊሞኒን የሚፈላው በ176 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለጽጌረዳ ልዩ መዓዛዋን ከሚሰጡት አንዱ የሆነው ፌኒል ኤቲል አልኮል በ220 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሰንደል እንጨት ዘይት ዋና ክፍል የሆነው ሳንታሎል ደግሞ 300 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። (ሰንደል ስል ቡና ሲፈላ የምንለኩሰውን ባለ ዘንግ ዕጣን ሳይሆን ስሙን ያዋሰውን የሕንድ ዛፍ ማለቴ ነው።)

«ገላችን መቼ 176 ዲግሪ ይሞቃልና!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የቆዳችን ላይኛው ክፍል ሙቀት ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ቢሆን ነው። ነገር ግን ፈሳሽ ለመትነን መፍላት የለበትም። ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይፈላም፤ ይሁንና ያጠብነው ልብስ በጥላ ሥርም ይደርቃል። ዒጥርም እንደዚሁ ነው። የሚፈላበት ሙቀት ዝቅተኛ የሆነው ቶሎ፣ ከፍተኛ የሆነው ዘግይቶ ይተናል።

ሽቶ ቀማሚዎች ይህንን ቅደም ተከተል በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። እኔ ለተማሪዎቼ በቡና ስም እነግራቸዋለሁ። አቦሉ ብልቃጡ እንደተከፈተ የሚመታን ነው፤ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ላቬንደርና የመሳሰሉት፤ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ቶናው የአበቦቹና የቅመማ ቅመሞቹ ነው፤ ጽጌረዳ፣ ጃስሚን፣ ቅርንፉድ፤ ለጥቂት ሰዓታት ይዘልቃል። በረካው የእንጨቶቹ፣ የሙጫዎቹና የሚስኩ ነው፤ ሰንደል፣ ዑድ፣ የኛው ዕጣንና ከርቤ፤ ከማታ እስከ ማግስቱ፣ በልብስ ላይ ከሆነም ለቀናት ይቀራል። ምሳሌው በአንድ ነገር ይለያል። ቡና ከአቦል ወደ በረካ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ዒጥር ግን ድምፁን ዝቅ እያደረገ ይጠልቃል እንጂ አይቀጥንም።

ከባዶቹ ለራሳቸው መቆየታቸው ብቻ አይደለም ጥቅማቸው። ቀላሎቹንም ይይዛሉ። አንድ ቀላል ንጥረ ነገር ብቻውን ሲፈስ ፈጥኖ ይበራል፤ በወፍራም ከባድ ዘይት ውስጥ ተበትኖ ሲቀመጥ ግን መውጫው ይዘገያል። የሕንድ ቀማሚዎች ይህንን ከጥንት ያውቁታል። በሰሜን ሕንድ ካናውጅ በተባለችው ከተማ የጽጌረዳ አበባ በመዳብ ጋን ውስጥ ከውሃ ጋር ይቀቀልና እንፋሎቱ በቱቦ ተመርቶ የሰንደል ዘይት ወዳለበት ዕቃ ይገባል። ሰንደሉ ጽጌረዳውን ይጠጣና ይይዛል። ስለዚህ «የጽጌረዳ ዒጥር» በጥንቱ አሠራር ራሱ ጽጌረዳ በሰንደል ነው፤ ጽጌረዳው ሲሄድ ሰንደሉ መቅረቱ የሥራው ጠባይ እንጂ ማታለል አይደለም።

የፋብሪካ ሽቶ በአልኮል ስለሚበጠበጥ ሁኔታው ይለያል። አልኮል በ78 ዲግሪ የሚፈላ በመሆኑ ከገላ ላይ በደቂቃ ውስጥ ብን ብሎ ይጠፋል፤ ሲሄድም መዓዛውን ወደ ላይ አንሥቶ ክፍሉን ይሞላዋል። ዘይቱ ግን ከገላው ላይ ተጠግቶ ቀስ እያለ ይወጣል። ዒጥር የቀባን ሰው ከሩቅ ሳይሆን ስንጨባበጥና ስንተቃቀፍ የምናሸተው ለዚህ ነው።

ገላ ወረቀት አይደለም

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። አንድ ብልቃጥ፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት ሽታ የሆነው ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት ወዝ ነው። ቆዳችን የራሱ ቅባት አለው። ወዛም ቆዳ ዒጥሩን እንደ ሰንደሉ ዘይት ይይዘዋል፤ ደረቅ ቆዳ ግን የሚይዝበት ነገር ስለሌለው ቀላሎቹ ቶሎ ያመልጣሉ። ልጁ የዚያን ቀን ኳስ ተጫውቶ እጁን በሳሙና ፈትጎ ነበር የመጣው። ዒጥር አይቆይልኝም የሚል ሰው ሽታ የሌለው ቅባት ወይም ቫዝሊን በስሱ ቀብቶ በላዩ ላይ ቢያደርግ ልዩነቱን ያየዋል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። የእጅ አንጓ፣ የአንገት ጎንና ከጆሮ ጀርባ ያለው ቦታ ደም ሥር የሚቀርባቸው ሞቃት ስፍራዎች ስለሆኑ መነሻውን ያደምቁታል፤ ያንኑ ያህልም ያፈጥኑታል። በድሬዳዋ ሐሩር ላይ የተቀባ ዒጥር በደሴ ብርድ ከተቀባው ቀድሞ ወደ በረካው ይደርሳል።

ሦስተኛው ላብ ነው። ትኩስ ላብ ራሱ ብዙ አይሸትም፤ በቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲበሉት ነው ጠረኑ የሚመጣው። ዒጥር በዚህ ላይ ሲደረብ ሦስተኛ ሽታ ይፈጠራል፤ እሱም ደስ አይልም። ስለዚህ ዒጥር የገላ መታጠብ ተከታይ እንጂ ምትክ አይደለም። የጁሙዓ ሱናዎች ሲዘረዘሩ ትጥበቱ ከሽቶው ጋር አብሮ የተጠቀሰው ያለ ነገር አይደለም።

ብዙዎቻችን ዒጥር ከቀባን በኋላ ሁለቱን አንጓዎች እናፋትጋለን። «ሽቶውን ይሰብረዋል» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። በእጅ ፍትጊያ የሚሰበር ሞለኪዩል የለም። ነገር ግን ፍትጊያው ያሞቀዋል፣ ያሰፋዋልም፤ በዚህም የአቦሉ ዕድሜ ያጥራል። ነካ አድርጎ መተው ይሻላል።

አፍንጫም ይደክማል

የሚለወጠው ዒጥሩ ብቻ አይደለም፤ የሚያሸተው አፍንጫም ይለወጣል። አንድ ሽታ ሳይቋረጥ ሲደርሰን አእምሯችን «ይህን አውቄዋለሁ» ብሎ ይተወዋል። እናቶቻችን ቡና ሲቆሉ ከጭሱ ውስጥ ሆነው መዓዛውን አይሰሙትም፤ ከውጭ የመጣው እንግዳ ነው «ምን ዓይነት ቡና ነው!» የሚለው። ዒጥር የቀባም ሰው እንደዚሁ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ጠፍቷል» ብሎ ይደግማል፣ ይሠልሳል፤ በሶፍ ውስጥ ከጎኑ የቆመው ግን ራሱን ይዞታል።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ሰዎች ከሚስክ ሞለኪዩሎች የተወሰኑትን ጨርሶ አያሸቱም። በሌላው ሁሉ አፍንጫቸው ጤነኛ ነው፤ ያቺ አንዷ ብቻ አትደርሳቸውም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነጭ ሚስክ ገዝቶ «ባዶ ዘይት ነው» ቢል አልዋሸም፤ ሻጩም አላታለለውም።

ዑድ፣ ሚስክና የኛው ዝባድ

በበረካው ደረጃ ያሉት ነገሮች ጠባያቸው የሚገርም ነው፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ ሲሸቱ አያምሩም።

ዑድ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚበቅል አኩላሪያ የተባለ ዛፍ ነው። ጤነኛው እንጨት ነጣ ያለና መዓዛ የሌለው ነው። ዛፉ ቆስሎ ፈንገስ ሲይዘው ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያመነጫል፤ ውዱ ነገር ይኸው ነው። ከመጣራቱ በፊት እንጨቱ በውሃ ተዘፍዝፎ ስለሚቆይ፣ አንዳንዱ የዑድ ዘይት ገና እንደተቀባ የከብት በረት ይሸታል። የማያውቅ ሰው ይህን አሽትቶ ብልቃጡን ይመልሳል። አንድ ሰዓት የታገሠው ግን ጣፋጩን፣ ጥልቁን፣ ጢስ ጢስ የሚለውን ያገኛል። ዛፉ ከመመናመኑ የተነሣ ሁሉም የአኩላሪያ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው ቁጥጥር ይደረግበታል።

ሚስክ በእስያ ተራሮች ከሚኖር ከአጋዘን መሰል እንስሳ ከወንዱ እጢ የሚገኝ ነበር። ዛሬ በየመስጊዱ ደጃፍ «ሚስክ» ተብሎ የሚሸጠው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በፋብሪካ የተሠራ ነው። የዚህ ታሪክ መነሻ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1888 አልበርት ባወር የተባለ ኬሚስት በፈንጂ ንጥረ ነገሮች ላይ ሲሠራ ሳለ ሚስክ ሚስክ የሚሸት ነገር አገኘ። ከዚያ ዓይነቶቹ ከፊሎቹ በኋላ ለጤና አስጊ ሆነው ታግደዋል፤ ሌሎች በቦታቸው ተተክተዋል።

ሦስተኛው የኛው ነው። ዝባድ ከጥርኝ የሚወጣ ቅባት ሲሆን ሀገራችን ለብዙ ዘመናት ለዓለም ሽቶ ቀማሚዎች ዋና አቅራቢ ነበረች። በጅማና በከፋ፣ እንዲሁም በአካባቢያቸው ባሉ አገሮች ገበሬዎች ጥርኙን በጎጆ እያኖሩ ቅባቱን ያወጡ ነበር፤ ወደ ገበያ የሚሄደውም በከብት ቀንድ ታሽጎ ነው። ጥሬ ዝባድ አፍንጫ ይሰነጥቃል። በጣም ጥቂቱ በብዙ ዘይት ሲሟሟ ግን ጠረኑ ይገራና ሌሎቹን አበቦች አቅፎ ያቆያቸዋል። በውስጡ ያለው ዋና ንጥረ ነገር ሲቬቶን 17 ካርቦኖች ቀለበት ሠርተው የተያያዙበት ነው። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳወቀው ሊዮፖልድ ሩዚችካ ሲሆን በ1939 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ዛሬ ሲቬቶን በፋብሪካ ስለሚሠራ የጥርኙ ገበያ ቀዝቅዟል፤ ጥርኟ በጠባብ ጎጆ ከምታየው ስቃይ አንጻር ብዙዎች ይህን በበጎ ያዩታል። ዝባድ ውድ ስለነበር ቅቤ እየተጨመረበት ይሸጥ ነበር። ማጭበርበር እንግዲህ በእኛም ሰፈር የታወቀ ነው።

ማታለልና መለወጥ ይለያያሉ

ተማሪዬን የሳትኩበት አይምሰላችሁ። በዒጥር ገበያ ማታለል አለ፤ አዲስም አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አል-ኪንዲ ስለ ሽቶ ኬሚስትሪና ስለ ማጣራት በጻፉት መጽሐፍ ከመቶ በላይ አሠራሮችን መዝግበዋል፤ ከነዚህም ውድ የሆነውን በርካሽ ነገር የሚተኩ ይገኙባቸዋል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሻም አገር የነበሩት አሽ-ሸይዘሪ ደግሞ ለገበያ ተቆጣጣሪው ለሙሕተሲብ መመሪያ ሲጽፉ ለሽቶ ነጋዴዎች የብቻ ምዕራፍ ሰጥተዋቸዋል። የሽቶ ሻጭ ሥራ በሸሪዓ ገበያ ውስጥ ዓይን የሚያርፍበት ሥራ ነበር ማለት ነው።

ሱረቱል ሙጠፊፊንን ልብ ብለን ካነበብናት የምትጀምረው በመስፈሪያና በሚዛን ሰውን የሚያጎድሉትን በማስጠንቀቅ ነው። በዚያችው ሱራ ውስጥ ደጋጎቹ በጀነት ስለሚጠጡት፣ እሽጉ ሚስክ ስለሆነው መጠጥ ተነግሯል፤ ከቀደምት ሙፈሲሮች ከፊሎቹም «መጨረሻው ሚስክ ሚስክ ይላል ማለት ነው» ብለው አብራርተውታል። በሚዛን የሚያጭበረብረውና መጨረሻው በሚስክ የታተመለት በአንድ ሱራ መገናኘታቸው ለዒጥር ሻጭ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም የሚያስተምረው አለ።

ታዲያ ማታለልን ከመለወጥ በምን እንለየው? ማታለል ማለት የፋብሪካውን «የተፈጥሮ ነው» ብሎ መሸጥ፣ ወይም ጉድለቱን እያወቁ መሸሸግ ነው። የተፈጥሮ የጽጌረዳ ዘይት አንድ ኪሎ ለማግኘት ከ3000 ኪሎ በላይ አበባ ይፈጃል። እንግዲህ በሻይ ዋጋ «ንጹሕ የጣኢፍ ጽጌረዳ» የሚላችሁ ቢኖር ሒሳቡ ራሱ ይመሰክርበታል። መለወጥ ግን ከላይ እንዳየነው የመትነን ሕግ ነው፤ በእጅግ ውዱም በእጅግ ርካሹም ላይ ይደርሳል።

ለገዢው የምመክረው ይህንን ነው። ዒጥርን በብልቃጡ አፍ አሽትታችሁ አትግዙ፤ እዚያ የምታገኙት አቦሉን ብቻ ነው። ጠብታ አስቀቡና ሂዱ። ዙህር ሰግዳችሁ ተመልሳችሁ አሽቱት፤ ማታም አሽቱት። አብሯችሁ የሚውለው በረካው ነውና የምትገዙት እሱን ነው። በአንድ ቀን ከሦስት በላይ አትሞክሩ፤ አፍንጫ ይምታታል። ለሌላ ሰው ስጦታ የምትገዙ ከሆነ የሚቻል ቢሆን በእሱ ገላ ላይ ይሞከር።

ለጤናም ጥቂት ነገር ልበል። አዲስ ዒጥርን መጀመሪያ በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል በትንሹ ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን ተመልከቱ፤ ቢቀላ ወይም ቢያሳክክ ተዉት። የቤርጋሞት ዘይት ያለበትን ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ሊያቃጥልና ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ያረጀና ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ዒጥር አየሩ ስለሚለውጠው ቆዳን የማስቆጣት ዕድሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ በደንብ ተከድኖ ይቀመጥ። ለሕፃን ገላ ዒጥር አያስፈልገውም። በቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለም ለሱ ሲባል መቀነስ ወይም መተው ይገባል።

ያላነሣሁት የቆየ ጉዳይ

አሁን ልጁን «ታገሠኝ» ያልኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። እኔም በዕድሜው ሳለሁ እንደሱ ነበርኩ። 12ኛ ክፍል ነኝ፤ በተወለድኩበት ከተማ በመስጊዳችን በር ላይ ዒጥር የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ። የገዛሁባቸው ዒጥር በማግስቱ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ሳልጠይቅ፣ ሳላጣራ ከጁሙዓ በኋላ በሰው መሐል «እኚህ ሰው ያጭበረብራሉ» አልኩ። እሳቸው ምንም አልመለሱም፤ ብልቃጦቻቸውን ብቻ አስተካከሉ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሰው ምንጣፋቸውን እየዞረ ያልፍ ጀመር። ከዚያም ቦታቸው ባዶ ሆነ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በሁለተኛው ዓመት ስለ ፈሳሾች መትነን የተማርኩ ዕለት መምህሩ በሰሌዳው ላይ የሚጽፈውን ትቼ እሳቸውን አሰብኩ። ለዒድ ወደ ቤት ስመለስ ፈልጌ፣ በሌላ ሰፈር ሙስበሓና ኮፍያ ሲሸጡ አገኘኋቸው። ዒጥር ትተዋል። ራሴን አስታውሼ አውፍ እንዲሉኝ ለመንኳቸው። «አውፍ ብዬሃለሁ ልጄ» አሉኝ። «እኔ የዚያኑ ቀን ነው የተውኩልህ። የሰሙህ ሰዎች ግን ያንተን መማር አልሰሙም።» ወደ ቀድሞው መስጊድ ሄጄ ለማውቃቸው ሁሉ ተናገርኩ። ግማሾቹ ጉዳዩን ረስተውታል፤ የሚያስታውሱትን ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያጭበረብራሉ መባላቸውን። ጥርጣሬን እንድንርቅና ወሬን እንድናጣራ በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው ትእዛዝ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ከልጁ ጋር በሚቀጥለው ጁሙዓ ወደ አዛውንቱ ሄድን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ ይህ ዒጥር ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «ጽጌረዳ በሰንደል ነው እኮ ልጄ፤ አልነገርኩህም?» አሉ። ልጁ አሰብ አደረገና፣ ከሰልፉ ቸኩሎ ስለነበር የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ሰምቶ መሄዱን አመነ። እኔም በበኩሌ ጠየቅኋቸው፤ «የተፈጥሮ ነው?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ከጅምላ አከፋፋይ ነው የማመጣው፤ የፋብሪካ ነው። ማንም ስለማይጠይቀኝ አልናገርም» አሉ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ስላገኙበት ነጋዴ ተጨዋወትን፤ እርጥቡን ወደ ላይ አውጥቶ ሰው እንዲያየው ማድረግ ነበረበት። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። አሁን ለሚመጣው ሰው ሁሉ «የፋብሪካ ነው፤ ቀብቼህ ስገድና ተመለስ፤ ከወደድከው ትገዛለህ» እንደሚሉ ልጁ ነግሮኛል። አንዳንዱ አይመለስም፤ የተመለሰው ግን ቅሬታ ይዞ አይመጣም።

ልጁ ብልቃጡን አልመለሰም። ለወንድሙ ሲሰጠው ግን «ጠዋት ጽጌረዳ ነው፤ ማታ ሰንደል ይሆናል፤ እንዳትደነግጥ» ብሎ ነው የሰጠው።

አላህ (ሱ.ወ.) ከመፍረዳችን በፊት የምናጣራ፣ ስንሸጥም ያለውን እንዳለ የምንናገር ያድርገን። ወላሁ አዕለም። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ድረስ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።